ፈረስ ሳይለብስ ፎቶ አይነሳም

አክስቴ ከነቀምቴ የሚደውሉልኝ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ አማቴ ጉልበት ሳይቀር አንድ በአንድ ከጠየቁ በኋላ ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። ባለፈው መስከረም መጨረሻ ግን ሰላምታውን አሳጠሩት። «ልጄ፣ አንቺ ቢዝነስ ተምረሻል። ይህ ልጅ ፈረስ ፎቶ እያነሳሁ እኖራለሁ ይለኛል። መጥተሽ ምከሪልኝ» አሉኝ።

«ይህ ልጅ» የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ ዲግሪው በአካውንቲንግ። ከተመረቀ በኋላ አንድ ዓመት ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ ከጓደኛው ጋር አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ተከራየ። እስከዚህ ድረስ አክስቴ ቅሬታ የላቸውም፤ ሠርግና ምርቃት የማያልቅ ሥራ ነውና። እንቅልፍ የነሳቸው ፈረሱ ነው።

እኔ ደግሞ የምሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። በቀን አሥር ጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህን ማን ይገዛዋል?» መልሱን እንደማውቀው እርግጠኛ ሆኜ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩና በጥቅምት ተነሳሁ። እርስዎም ቤትዎ ውስጥ «ይህን ተምሬ ያንን እሠራለሁ» የሚል ልጅ ካለዎት መንገዱን አብረን እንሂድ።

ወደ ምዕራብ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያለፉት ዓመታት ለወለጋ ቀላል አልነበሩም፤ ብዙ ቤተሰብ ዘመዱን ሳይጠይቅ ከርሟል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ሹፌር ደውለው ስለ መንገዱ ይጠይቁ፤ ከዚያ በማለዳ ይነሱ፤ በቀን ብርሃን ይግቡ።

በጥቅምት ከሄዱ ደጋው ዝናቡን ጨርሶ አረንጓዴውን ገና አልለቀቀም። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ግንጪን ሲያልፉ በገበያ ቀን ከሆነ ጋቢ የለበሱ ፈረሰኞች በአስፋልቱ ዳር በሶምሶማ ሲሄዱ ያያሉ። አምቦ ላይ ምሳ ይበሉ፤ ጉደርን ይለፉ። ጌዶ ሲደርሱ አንዱ መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፊንጫና ሻምቡ ይታጠፋል። ይህ የሆሮ ጉዱሩ ወለጋ አገር ነው። የእንስሳት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ከለዩዋቸው የፈረስ ዓይነቶች አንዱ «ሆሮ» የሚባለው ስሙን የወሰደው ከዚሁ ምድር ነው። ሌሎቹም የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የከፋ እየተባሉ በአገራቸው ይጠራሉ። በሐረርጌ ቁንዱዶ ተራራ ላይ ደግሞ ባለቤት የሌላቸው፣ በዱር የሚኖሩ ፈረሶች አሉ።

እኛ ግን ሳንታጠፍ ቀጠልን። ወደ ባኮ ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጊቤን ተሻግረው፣ ሲሬን አልፈው እንደገና ሲወጡ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነቀምቴ ትቀበልዎታለች።

የአክስቴ ሰፈር በከኒሳ ቀሴ ይባላል። በከኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው። ቆርቆሮ ቤቶቹ መካከል የቡና ተክልና የአቮካዶ ዛፍ ጣል ጣል ብሏል፤ ባጃጁ ከላይ ወደ ታች ይጣደፋል፤ በመሃል አንድ ፈረስ ጋሪውን እየጎተተ ዳገቱን በዝግታ ይወጣል። አክስቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አንጮቴው ተቀቅሎ፣ ቅቤው ቀልጦ፣ ቡናው ሊቆላ ተዘጋጅቷል። «ብዪ፤ ምክሩ ነገ ይደርሳል» አሉኝ።

ስበላ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጥቁርና ነጭ ፎቶ እዚያው ቦታው ላይ ነው። የአክስቴ አባት፣ ማለትም አያቴ፣ የፈረሳቸውን ልጓም ይዘው ቆመዋል። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ፈረሱ ግን ከግንባሩ እስከ ጭራው አጊጧል። ፎቶውን ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለምን ከፈረሱ ጋር እንደተነሱ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

መዝገቡ

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ፎቶ ቤት ሄድኩ። አካውንታንት ነውና መዝገቡ ንጹሕ ነው። ባለፈው ዓመት 31 ሠርግ፣ 14 ምርቃት፣ 8 ልደት፣ ከዚያ ገጽ በገጽ ጉርድ ፎቶ። «ፈረስ» በሚለው ረድፍ ግን ያለው ዘጠኝ ብቻ ነው። ከዘጠኙ ደግሞ የተከፈለበት ስድስቱ።

«እሺ፣ ደንበኛህ ማነው?» አልኩት።

«ቱሪስት ነዋ። የውጭ መጽሔት። ካላንደር የሚያሳትም ድርጅት። እንግሊዝ አገር ፈረስ ብቻ እያነሳ የሚኖር ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። የፈረስ ፎቶግራፍ በዓለም ላይ የቆየና የተከበረ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎችን በመስመር ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሳ። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚነሱበት ቅጽበት መኖሩን ሰው በዓይኑ ያየው ያን ጊዜ ነው። ሠዓሊዎች እግሮቹን ወደፊትና ወደኋላ ዘርግተው ይስሉ ነበር፤ ፎቶው ያሳየው ግን እግሮቹ አየር ላይ የሚሆኑት ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑን ነው። ለተንቀሳቃሽ ፊልም መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው። በእኛ ዘመንም እንደ ፈረንሳዊው ያን አርቱስ በርትራን፣ እንደ እንግሊዛዊው ቲም ፍላክ ያሉ ሰዎች ስለ ፈረስ ብቻ ትልልቅ የፎቶ መጻሕፍት አሳትመዋል።

ይሁንና እዚያ የእሽቅድምድም ሜዳ፣ የውድድር ማኅበርና ለአንድ ፈረስ ብዙ የሚያወጣ ባለሀብት አለ። ነቀምቴ ውስጥ ይህ የለም። ልለው የመጣሁት ይህንኑ ነበር። ከመናገሬ በፊት ግን ልማድ ሆኖብኝ «የከፈሉት ስድስቱ እነማን ናቸው?» አልኩት።

ጣቱን መዝገቡ ላይ አስኬደ። ሁለቱ ሙሽሮች ናቸው፤ በመኪና ከመሄዳቸው በፊት እንደ አባቶቻቸው በፈረስ ላይ መነሳት የፈለጉ። አንዱ ፈረሱን ሊሸጥ የወሰነ ገበሬ ነው፤ ከመሸጡ በፊት ለማስታወሻ። ሦስቱን ያዘዙት ውጭ አገር ያሉ ልጆች ናቸው፤ «አባቴን ከፈረሱ ጋር አንሳልኝ» ብለው።

«ከስድስቱ ቱሪስቱ የቱ ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። መልሱን አውቄው እንደመጣሁ አስቤ ነበር፤ ለካ ሁለታችንም የተሳሳተ ቦታ ስንፈልግ ኖረናል።

ኮርቻውና ጋቢው

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዲስ ትእዛዝ ነበረው። አንዲት ሚኒሶታ የምትኖር ልጅ አባቷን ከፈረሳቸው ጋር እንዲያነሳላት ገንዘብ ልካለች። በባጃጅ ከከተማ ወጥተን ቀሪውን በእግር ሄድን። ጤፉ አሽቷል፤ ጤዛው ጫማችንን አረጠበው።

አዛውንቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። ፈረሳቸው ዳለቻ ነው፤ ግራጫ ማለታቸው ነው። የአክስቴ ልጅ ብርሃኑ ሳያልፍ ለማንሳት ቸኩሎ ካሜራውን ሲያወጣ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ልጄ። ፈረስ ሳይለብስ ፎቶ አይነሳም። አንተ ራቁትህን ትነሳለህ?»

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ፈረሱ ታጠበ፤ ጋማው ተበጠረ፤ ግላሱ ለበሰ፤ ኮርቻው ተጫነ፤ ልጓሙ ተወለወለ። ከዚያ እርሳቸው ገብተው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ኦሮምኛዬ የአዲስ አበባ ልጅ ኦሮምኛ ነው፤ ግን ለፈረሱ በጆሮው የሚያወሩት የዘመድ ወሬ መሆኑን ለመረዳት በቅቶኛል።

ፎቶው ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ልጄ በምን ታየዋለች?»

«በስልክ ነው፣ አባቴ። ዛሬውኑ ይደርሳታል።»

«በስልክ ያለ ይጠፋል። ለእኔ በወረቀት አምጣልኝ» አሉ።

በመመለሻችን ላይ የግድግዳው ፎቶ ትዝ አለኝ። በአገራችን ፈረስ የሰው ስም ነው። አጼ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አጼ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ አጼ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ አጼ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል» የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። የጅማው አባ ጅፋርም የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። የራስ መኮንን «አባ ቃኘው» በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ለዘመተው የክብር ዘበኛ ሻለቃ መጠሪያ ሆኗል። የቀለሙ ስም እንኳ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ ዳማ፣ ቦራ፣ መጋላ፣ ጉራቻ፣ ዳለቻ፣ አምባላይ። ብዙዎቹን ኦሮምኛና አማርኛ ይጋሯቸዋል። ስለዚህ ከአያቴ ጋር የቆመው ፈረስ ጌጥ አልነበረም። ጫማ ያልነበራቸው ሰው ማንነታቸውን ያሳዩት በእርሱ ነው።

ያልተጠየቀው ሰው

የአክስቴ ልጅ ይህን የተማረው በቀላሉ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ካልተከፈለባቸው ሦስት ፎቶዎች አንዱን አሳየኝ። ገበያ ውስጥ የቆመ የጋሪ ፈረስ ነው፤ ደረቱ ላይ የጋሪው ማሰሪያ የፈጠረው ቁስል ይታያል። ፎቶው ጥሩ ነው፤ እጅግ ጥሩ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲለጥፈው ብዙ ሰው ተቀባበለው፤ ባለጋሪውንም ብዙ ሰው ሰደበው።

ከሳምንት በኋላ ባለጋሪው ፎቶ ቤቱ ድረስ መጣ። አልጮኸም። «ቁስሉን አየህ፤ እኔን ግን አልጠየቅከኝም። ፈረሱን አንድ ሳምንት ላሳርፈው ብል ልጆቼ ምን ይበላሉ? ባጃጅ ገብቶ ገቢዬ ግማሽ ሆኗል» አለው።

«ፎቶውን ወዲያው አነሳሁት» አለኝ የአክስቴ ልጅ። «ግን የተሰደበው ስድብ አልተነሳም።»

ይህ የሙያው ከባዱ ጥያቄ ነው። እንደ ብሩክ፣ ስፓናና ዶንኪ ሳንክቹሪ ያሉ በአገራችን የሚሠሩ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች የሠራተኛ ፈረስና አህያ ስቃይ እንዲታወቅ ይፈልጋሉ፤ ስፓና ቢሾፍቱ ላይ ያክማል፤ ባለቤቶችንም ማሰሪያውን በጨርቅ እንዴት እንደሚያለሰልሱ ያስተምራሉ። ለእንዲህ ያለው ሥራ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ለፎቶግራፍ አንሺም አንድ የገቢ በር ነው። ቁስሉን መደበቅ አይገባም። ግን ልጓሙን የያዘው ሰው ሳይጠየቅ የተነሳ ቁስል ፈረሱን አያድንም፤ ሰውየውን ብቻ ያዋርዳል። የአክስቴ ልጅ በኋላ ባለጋሪውን ፈልጎ አገኘው፤ ስለ ማሰሪያው ያወቀውን ነገረው። ቁስሉ ሲድን ፈረሱን እንደገና አነሳው፤ አሁን ያ ፎቶ የፎቶ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። ባለጋሪውም በዚያ ሲያልፍ ጋሪውን ያቆምና ለተሳፋሪው ያሳያል።

እርስዎም ካሜራ ከያዙ

በመንገድዎ ፈረስ ማንሳት ቢያምርዎት ከእርሱ የሰማሁትን ላካፍልዎት። በስልክዎም ይሠራል።

ፈረስ ልክ ከኋላው ያለውን አያይም፤ ከአፍንጫው ፊት ለፊት ያለውንም እንዲሁ። ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ ባለቤቱ እያየዎት ይቅረቡ። ልጆችን ከኋላው አያቁሙ። ፍላሽ አይጠቀሙ። በጣም ተጠግተው ካነሱት ጭንቅላቱ ገዝፎ እግሩ ይቀጥናል፤ ራቅ ብለው ረጅም ሌንስ ይጠቀሙ፤ ካሜራውን ከዓይንዎ ዝቅ አድርገው በደረቱ ልክ ይያዙ። ጆሮው ወደፊት እስኪቆም ይታገሡ፤ ጆሮው የተኛ ፈረስ የተቆጣ ይመስላል። ሽምጥ ሲጋልብ ቅጽበቱን ለመያዝ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ፍጥነት ያስፈልጋል። ጉራቻ ፈረስ በቀትር ፀሐይ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ አምባላዩ ደግሞ ነጭ ወረቀት። ለሁለቱም የሚመቸው ማለዳና አመሻሽ ነው።

ብዙ ፈረስ በአንድ ቦታ ማየት ከፈለጉ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ይሂዱ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ በዚህ ቀን ያከብራል፤ በዓሉ የዐድዋ ዘማች ፈረሶች መታሰቢያ ነው። ለአንድ ፎቶግራፍ አንሺ የዓመት ሥራ በአንድ ቀን የሚገኝበት ሜዳ ነው።

ነቀምቴ ሳሉ ደግሞ ልጆችዎን የወለጋ ሙዚየምንና የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ያስጎብኟቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት የለቃ ነቀምቴ ገዢዎች የኖሩበት ግቢ ነው። ልጆች የአገሩን ታሪክ ይዘው ሲወጡ በመንገድ የሚያዩት ፈረስ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

ምክሩ

በመጨረሻው ማታ አክስቴ ቡናውን አቀራርበው «እሺ፣ ምን አልሽው?» አሉኝ። ልጃቸው አጠገባችን ተቀምጧል፤ አቀርቅሮ።

ያልኩትን ለእርስዎም ልድገመው፤ ለፈረስ ብቻ ሳይሆን ለሌላ ሙያም ይሠራልና። ሠርጉን አትተው፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እርሱ ነው። ፈረሱን ሁለት ዓመት ስጠው፤ ግን በመዝገብ። ቱሪስቱን መጠበቅ ተውና የከፈሉህን ስድስት ሰዎች የሚመስሉ ሌሎች ፈልግ፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ፣ የሚሞሸር ወጣት፣ ፈረሱን የሚሸጥ ገበሬ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፎቶ በወረቀት አሳጥበህ መልስ፤ ጎረቤቱ ግድግዳው ላይ ያየዋል፤ ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ እኔ በሥራዬ አላየሁም። ጀርባው ላይ ስምህንና አድራሻህን ጻፍ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶህ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት የአንተ መብት ነውና። ጥሩ ጥሩዎቹን ለይተህ አስቀምጥ፤ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችውን አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሳሰለ መድረክ ሲገኝ ታቀርባለህ። ሁለት ዓመት ሲሞላ «ፈረስ» የሚለው ረድፍ ካላደገ በትርፍ ጊዜህ የምትወደው ነገር ሆኖ ይቀጥል፤ እርሱም ውርደት አይደለም።

አክስቴ ስኒውን እያገላበጡ ቆዩ። «እኔ የፈራሁት ድህነቱን ብቻ አይደለም» አሉ። «ሰው ፈረስ ተከትሎ ዞረ ይለዋል ብዬ ነው።»

«አክስቴ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ማን አነሳው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ። አንድ ፎቶ አንሺ በገበያ ቀን መጥቶ ነበር አሉ። አባቴ ሌላ ፎቶ የላቸውም። እርሱም ባይኖር መልካቸውን የት አገኘው ነበር?»

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አልተነሳም። አክስቴ ሦስተኛውን ቡና ቀዱልን። በማግስቱ ስሄድ ግን ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው በሻሽ ጠቅልለው ለልጃቸው ሲሰጡት አየሁ። ጥጉ መበላሸት ጀምሯል፤ ሳይጠፋ በአዲስ ወረቀት እንዲያሳጥበው ነው።

እርስዎ በወለጋም ሆነ በሌላ አገር መንገድ ላይ ፈረስ ቢያነሱ ሁለት ነገር አይርሱ። ከማንሳትዎ በፊት ባለቤቱን ይጠይቁ፤ የፈረሱንም ስም ይጠይቁ። አንስተው ሲጨርሱ ደግሞ ስልክ ቁጥር ተቀብለው አንዷን በወረቀት ይላኩላቸው። ለእርስዎ ከመቶ ፎቶዎች አንዷ ናት። ለእነርሱ ቤት ግን ብቸኛዋ ልትሆን ትችላለች።